ዋይፋይ የሌለውን አሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን ከዋይፋይ ጋር ማገናኘት

«ማሽኑ ዋይፋይ ስለሌለው አዲስ መግዛት ይኖርባችኋል» የሚለው ምክር ብዙ ቢሮዎችን ያለ አግባብ ወጪ ውስጥ ይከታል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ የትኛውም የአዲስ አበባ ዳርቻ ብትሄዱ በየግል ትምህርት ቤቱ፣ በየክሊኒኩና በኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባሉት ጽሕፈት ቤቶች ዕድሜው የገፋ ግን አሁንም ደህና የሚሠራ ኮፒ ማሽን አይጠፋም። ድራሙ ጤነኛ ነው፣ ቶነሩ ገበያ ላይ አለ፣ ኮፒው ጥርት ብሎ ይወጣል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከተቀመጠበት ሆኖ ከላፕቶፑ ፕሪንት ማድረግ አይችልም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ኮፒ ማሽኑ ራሱ ዋይፋይ እንዲኖረው አያስፈልግም። ዋይፋይ የሚፈለገው በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ነው። ማሽኑ በኬብልም ሆነ በሌላ መንገድ እዚያው ራውተር ላይ ከተገናኘ፣ ላፕቶፖቹም ማሽኑም አንድ ኔትወርክ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ፋይሉን በዋይፋይ ለራውተሩ ይልካል፣ ራውተሩም ለማሽኑ ያደርሰዋል። ይህ የገባው ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። የቀረው ማሽኑን እስከ ራውተሩ ማድረስ፣ የማይለወጥ አድራሻ መስጠትና ኮምፒውተሮቹን ወደዚያ አድራሻ ማመልከት ነው።

ከማሽኑ ጀርባ ምን አለ?

ማሽኑን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርጉና ጀርባውንና ጎኑን በስልካችሁ መብራት እዩት። ሦስት ዓይነት ቀዳዳ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንዱ አራት ማዕዘን መሰል የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ብቻ በቀጥታ የሚሰካበት። ሌላው ጠበብ ያለ የስልክ መስመር ቀዳዳ ነው፤ ለፋክስ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ይህንን የኔትወርክ ነው ብሎ ኬብሉን በግድ ሊያስገባበት ሲታገል አይቻለሁ። ሦስተኛው ሰፋ ያለው፣ ውስጡ ስምንት ወርቃማ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚታዩበት ነው። ራውተራችሁ ላይ ተደርድረው ካሉት ቀዳዳዎች ጋር አንድ ነው፤ ባለሙያዎች አርጄ-45 ይሉታል። የምንፈልገው እሱን ነው።

በአንዳንድ ማሽን ላይ ይህ ቀዳዳ ሊኖር የሚገባበት ቦታ በትንሽ ክዳን ተሸፍኖ ይገኛል። የኔትወርክ ካርዱ ለብቻው የሚገዛ ዕቃ ነበር፣ የመጀመሪያው ባለቤት አልገዛውም ማለት ነው። ካርዱን ለአሮጌ ሞዴል ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ቢገኝም ማሽኑ ከኮምፒውተር ፕሪንት የማድረግ ክፍል የተገጠመለት መሆኑን ሳታረጋግጡ ገንዘብ አታውጡ፤ አንዳንዱ ማሽን ኮፒ ብቻ እንዲያደርግ ተደርጎ የተሸጠ ነው፣ ካርዱ ብቻውን ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ በጭራሽ አትሞክሩ። ለላፕቶፕ የሚሸጠውን ትንሽ የዋይፋይ ዩኤስቢ ገዝቶ ማሽኑ ላይ መሰካት ምንም አያመጣም። ከማሽኑ ፊት ለፊት ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ፍላሽ ለማንበብ የተሠራ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ያንን የዋይፋይ ዕቃ የሚያዝ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራ ሶፍትዌር፣ የለም።

ኬብል ከደረሰ ኬብል ይሻላል

የኔትወርክ ቀዳዳው ካለ ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ማሽኑን በኬብል ራውተሩ ላይ መሰካት ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል፤ ለአንድ ግቢ በቂ ነው። ኮርኒስ ውስጥ ወይም በግድግዳ ጥግ በፕላስቲክ መሸፈኛ ማሳለፍ ይቻላል። ከመብራት ሽቦ ጋር አንድ ላይ አትጠቅልሉት፤ ከቤት ውጭ የሚያልፍ ከሆነም ፀሐይ የሚችል ኬብል ጠይቁ፤ ተራው ኬብል በፀሐይና በዝናብ ልባሱ ይሰነጣጠቅና ውሃ ያስገባል። ሌላው ጥቅሙ ኬብል የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ስለዚህ የዋይፋዩ ፓስወርድ በየጊዜው ቢቀየር እንኳ ማሽኑ አይነካም።

ይህን ቀዳዳ የምወደው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢተርኔት የሚባለው የኬብል ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ1973 የታሰበው ዜሮክስ በተባለው የኮፒ ማሽን ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። ሮበርት ሜትካልፍና ባልደረቦቹ የማዕከሉን ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸውና እዚያው ይሠራ ከነበረው የሌዘር ፕሪንተር ጋር ለማገናኘት ሲሉ የደረሱበት ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጥሩ ማሽን እንዲጠቀም ማድረግ ከመጀመሪያው የኔትወርክ ዓላማ ነበር። ዋይፋይ በዚህ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የቢሮ ማሽኖች ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት በኬብል ቀዳዳ ብቻ ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ትልልቅ ቢሮዎች ኬብል ስለዘረጉ ሌላ አላስፈለጋቸውም። ዛሬ እኛ እጅ የገቡት እነዚያ ናቸው።

ኬብል የማይደርስ ከሆነ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት አለ። ራውተሩ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው፤ ኮፒ ማሽኑ ግን ከግቢው ማዶ፣ በቆርቆሮ በተሠራ ክፍል ውስጥ። መካከሉ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ነው፤ ቆፍሮ ኬብል መቅበር አልተፈቀደም። የማሽኑ ሠራተኛ ያለችኝን አልረሳውም፦ «ወንድሜ፣ ፈተና ሲደርስ መምህራኑ ፍላሽ ይዘው በሩ ላይ ይሰለፋሉ። አንዱ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይገባና የሁሉንም ፋይል ሾርትከት ያደርግብኛል። ከዚያ ጥፋቱ የኔ ይሆናል።»

ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ መፍትሔው በማሽኑና በዋይፋዩ መካከል የሚቆም ትንሽ ዕቃ ነው። አስተርጓሚ በሉት፤ በአንድ በኩል ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ይነጋገራል፣ በሌላ በኩል ከማሽኑ ጋር በአጭር ኬብል። ማሽኑ ኬብል እንደተሰካበት ብቻ ያውቃል። ሁለት ዓይነት ዕቃ ለዚህ ይሆናል። አንዱ ከጎኑ የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው የዋይፋይ ኤክስቴንደር ነው፤ ለምሳሌ የቲፒ-ሊንኩ 850አርኢ፣ ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰካል። ሌላው የመዳፍ ግማሽ የማያህል ትንሽ ራውተር ነው፤ ለምሳሌ የዚሁ ኩባንያ 802ኤን፣ በስልክ ቻርጀር ይሠራል። ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የኔትወርክ ቀዳዳ አለው ወይ? ትንሿ ራውተር ከሆነች ደግሞ «ክላየንት» የሚባለው አሠራር (የሌላውን ዋይፋይ ተቀብሎ በኬብል የሚሰጠው) አላት ወይ? ቀዳዳ የሌለው ኤክስቴንደርም ስለሚሸጥ ካርቶኑን ብቻ አይታችሁ አትውሰዱ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ዕቃውን ሲያዘጋጅ ነው። ትንሿን ራውተር ስትከፍቷት የተለያዩ አሠራሮችን ታስመርጣለች፤ ራውተር፣ አክሰስ ፖይንት፣ ኤክስቴንደር፣ ክላየንት፣ ሆትስፖት። መምረጥ ያለባችሁ ክላየንት የሚለውን ነው። ራውተር ወይም ሆትስፖት የሚለውን ብትመርጡ ትንሿ ዕቃ የራሷን ሌላ ኔትወርክ ትፈጥርና ማሽኑን ከኋላዋ ትደብቀዋለች። ማሽኑ ወደ ውጭ ማየት ይችላል፣ ላፕቶፖቹ ግን ማሽኑን አያገኙትም። መብራቶቹ ሁሉ በርተው፣ ሁሉም ነገር የተገናኘ መስሎ ፕሪንት ሲያቅት መጀመሪያ የምፈትሸው ይህንን ነው። ከዚያ የቢሮውን ዋይፋይ ስም ትመርጣላችሁ፣ ፓስወርዱን ታስገባላችሁ፣ ትንሿን ዕቃ አጥፍታችሁ ማሽኑ ጋር በኬብል አገናኝታችሁ ታበራላችሁ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ርካሽ ዕቃዎች የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ብቻ ስለሆነ ራውተራችሁ ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይ ከሆነ 5ጂ ያልተጻፈበትን ምረጡ። ለዚህ ሥራ እንዲያውም ይሻላል፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ግድግዳ የማለፍ አቅሙ የበለጠ ነው።

ቆርቆሮው ግን ከባድ ነው። ብረት የዋይፋይን ሞገድ ይመልሰዋል። ብሎኬት ያዳክመዋል፣ የኮንዶሚኒየም ኮንክሪትም ይበልጥ ያዳክመዋል፣ ቆርቆሮና ኮንቴይነር ግን ጭራሽ ይዘጉታል። በትምህርት ቤቱ ትንሿን ዕቃ ማሽኑ አጠገብ ስናደርጋት ሲግናሉ ይመጣል ይሄዳል። ኮፒ ማሽን ራሱ የብረት ሣጥን ነው፤ ከኋላው የተደበቀ ዋይፋይ ሁለት ጊዜ ይታፈናል። ከማሽኑ እስከ መስኮቱ የሚደርስ ኬብል ሰጠናትና ራውተሩ በሚገኝበት አቅጣጫ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥናት፤ ያኔ ሲግናሉ ረጋ። ትንሿን ዕቃ ማሽኑ ጋ ማስጠጋት ግዴታ አይደለም፣ ኬብሉን አርዝማችሁ ሲግናል ያለበት ቦታ ውሰዷት። ኃይሏን ደግሞ ከማሽኑ የዩኤስቢ ቀዳዳ አትውሰዱ፤ ማሽኑ ሲተኛ ኃይሉን ሊቆርጥባት ይችላል። የራሷን ቻርጀር ስጧት።

ቢሮው ኢንተርኔት የሚያገኘው በኪስ በምትያዝ ሲም ካርድ የምትወስድ ዋይፋይ ከሆነ፣ እሷ ብዙ ጊዜ የኔትወርክ ቀዳዳ የላትም፤ ከአሥር ብዙ ያልበለጠ ሰውም ነው የምትይዘው። ባለቤቷ ኪሱ ከትቷት ሲወጣ ኔትወርኩም አብሮ ይወጣል። ለቢሮ ማሽን የሚሆን የተቀመጠ ራውተር ያስፈልጋል፤ በሲም የሚሠራ ቢሆንም ችግር የለውም። እንዲያውም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፕሪንት ለማድረግ ኢንተርኔት አያስፈልግም። የኢንተርኔት ክፍያው አልቆ ወይም መስመሩ ተቋርጦ እንኳ ራውተሩ እስከበራ ድረስ ከላፕቶፕ ወደ ማሽኑ ወረቀት ይሄዳል። ይህንን ባለማወቅ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ፈተና የማይባዛበት ትምህርት ቤት አለ።

አድራሻው

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው አይፒ አድራሻው፣ ማለትም ማሽኑ በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር ነው። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ቅሬታ ከአሥሩ ስምንቱ ከዚህ ይመጣል ብል አላጋነንኩም።

እዚህ አገር ያሉት ብዙዎቹ ማሽኖች ከውጭ ተጠቅመውባቸው የመጡ ናቸው። ማሽኑ ከነትዝታው ነው የሚመጣው፤ የድሮው ቢሮ አድራሻ ውስጡ ተጽፎ አለ። በማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የኮንፊገሬሽን ወይም የሲስተም ሪፖርት ገጽ አሳትሙ። እዚያ ወረቀት ላይ 10 ብሎ የሚጀምር አድራሻ አግኝታችሁ የእናንተ ራውተር ደግሞ 192.168.1.1 ከሆነ ሁለቱ በአንድ ኬብል ቢታሰሩም አይተዋወቁም። በማሽኑ ላይ በሚጻፈው አድራሻ፣ በነጥብ ከተለያዩት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከራውተሩ ጋር አንድ መሆን አለባቸው፣ የመጨረሻው ብቻ ይለያል። ለምሳሌ ራውተሩ 192.168.1.1 ከሆነ ማሽኑን 192.168.1.240 በሉት። ሰብኔት ማስክ በሚለው ቦታ 255.255.255.0፣ ጌትዌይ በሚለው ቦታ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ብዙዎቹ አዲሱን አድራሻ የሚይዙት ተነሥተው ሲመለሱ ነው።

ሴቲንጉ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና የድሮው ባለቤት ካልቀየረው የፋብሪካው ይሠራል። በብዙ የካኖን ማሽኖች የሥራ አስኪያጁ መለያም ፒኑም 7654321 ነው፤ በብዙ የሪኮ ማሽኖች ደግሞ ስሙ አድሚን ሆኖ ፓስወርዱ ባዶ ነው። ከገባችሁ በኋላ ወዲያው ቀይሩትና በወረቀት ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡት።

«ራውተሩ ራሱ አድራሻ ይስጠው» ብሎ መተው ለስልክ ጥሩ ነው፣ ለኮፒ ማሽን ግን አይሆንም። በከተማው ዳርቻ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚሆነውን አስቡ። መብራት ሲመለስ ማሽኑም ራውተሩም እኩል ይነሣሉ። ማሽኑ ነቅቶ አድራሻ ሲጠይቅ ራውተሩ ገና አልተዘጋጀም። መልስ ያጣው ማሽን በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጥና ከሁሉም ተነጥሎ ይቀመጣል። ወይም ራውተሩ ቀድሞ ይነሣና የማሽኑን የትናንት አድራሻ ለአንድ መምህር ስልክ ይሰጠዋል፤ ላፕቶፖቹም ፋይላቸውን ወደዚያ ስልክ ሲልኩ ይውላሉ። ማሽኑ ላይ በእጅ የተጻፈ ቋሚ አድራሻ ሁለቱንም ያስቀራል። በራውተሩ በኩልም ዲኤችሲፒ የሚለውን ገጽ ክፈቱና የሚያድላቸው አድራሻዎች ለምሳሌ በ200 እንዲቆሙ አድርጉ፤ 240 ለማንም አይሰጥም።

ሁለት ራውተር ያላችሁ ቢሮዎች ተጠንቀቁ። ዋይፋዩ ወደ ጓዳው አልደርስ ሲል ሁለተኛ ራውተር ተገዝቶ ከመጀመሪያው ጋር ይታሰራል፤ ኬብሉ «ዋን» በሚለው ቀዳዳ ከገባ ሁለተኛው ራውተር የራሱን የተለየ ኔትወርክ ፈጠረ ማለት ነው። ማሽኑ ሁለተኛው ላይ፣ ላፕቶፑ የመጀመሪያው ላይ ከሆነ አይገናኙም። በሁለተኛው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒውን አጥፉ፣ አድራሻውንም ከመጀመሪያው የተለየ ግን በዚያው ተከታታይ ውስጥ ያለ አድርጉት፣ ከዚያ ኬብሉን ከ«ዋን» አውጥታችሁ «ላን» ከሚሉት ወደ አንዱ አዙሩት። እንዲሁም መስመራችሁ ከመዳብ ወደ ፋይበር ተቀይሮ አዲስ ራውተር ሲገባ የራውተሩ አድራሻ ሊቀየር ይችላል፤ ብዙ የሁዋዌ የፋይበር ዕቃዎች 192.168.100.1 ናቸው። ያን ዕለት ማሽኑ የጠፋ ይመስላል። የጠፋው አድራሻው ነው፤ በአዲሱ ተከታታይ እንደገና ጻፉለት።

ላፕቶፑ ላይ

ድራይቨር ከመጫን በፊት ማሽኑ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ከላፕቶፑ ፒንግ አድርጉ፤ በሲኤምዲ (በዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ) መስኮት ፒንግ ብላችሁ የማሽኑን አድራሻ ስትጽፉ መልስ ከመጣ መንገዱ ክፍት ነው። መልስ ከሌለ ድራይቨር መጫን ከንቱ ድካም ነው፣ ወደ ኬብሉና ወደ አድራሻው ተመለሱ። ላፕቶፑ «ጌስት» በሚባለው የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆነም መልስ አይመጣም፤ የእንግዳ ዋይፋይ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ዊንዶውስ ማሽኑን በራሱ ፈልጎ ሲያገኘው ደስ አይበላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ደብሊውኤስዲ በሚባል መንገድ ነው፤ እሱ ዛሬ ሠርቶ ነገ «ኦፍላይን» ይላል። ፕሪንተር በእጅ ጨምር የሚለውን መርጣችሁ በቲሲፒ/አይፒ አድራሻ አስገቡ፣ የማሽኑን ቁጥር ጻፉ። መረጃው በ9100 በር በኩል ያልፋል። ማሽኑ እየሠራ ላፕቶፑ ግን ኦፍላይን ካለ በፖርቱ ሴቲንግ ውስጥ ኤስኤንኤምፒ ስታተስ የሚለውን ምልክት አንሱለት፤ ጤነኛውን ማሽን ታመመ የሚያሰኘው እሱ ነው። ለአሮጌው ሞዴል የዊንዶውስ 10 ወይም 11 ድራይቨር ካጣችሁ የአምራቹን አጠቃላይ ድራይቨር ሞክሩ። ሪኮ ዩኒቨርሳል፣ ካኖን ጄኔሪክ ፕላስ የሚሏቸው አላቸው። ማሽኑ ፒሲኤል 6 የሚባለው የፕሪንተር ቋንቋ የሚገባው ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሆናል።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትልቅ ጥቅም አለ። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ፈተና በፍላሽ ተይዞ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ፊደሉ ተመሰቃቅሎ ይታያል፤ መምህሩም ተመልሶ ሲያስተካክል ይውላል። ከራሱ ላፕቶፕ በኔትወርክ ሲልክ ግን የራሱ ፎንት አብሮት አለ። እንዲያም ሆኖ በአሮጌ ማሽን ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከወጣ፣ በድራይቨሩ ውስጥ ፎንቱን እንደ ግራፊክስ ወይም ቢትማፕ ላክ የሚል ምርጫ ፈልጉ። ፒዲኤፍ ከሆነ በአዶቢ አክሮባት ፕሪንት መስኮት «አድቫንስድ» ውስጥ «ፕሪንት አዝ ኢሜጅ» የሚለው አለ። ትንሽ ይዘገያል፣ ፊደሉ ግን ሳይዛነፍ ይወጣል።

ከስልክ በቀጥታ ማተም ለአሮጌ ማሽን አድካሚ ነው፤ ፋይሉን በቴሌግራም ወደ ላፕቶፑ ልኮ ከዚያ ማተሙ ይቀላል።

ስካን ሲሆን

ፕሪንቱ ተስተካክሎ ስካኑ እምቢ የሚልበት ምክንያት ሌላ ነው። አሮጌ ማሽኖች ስካን ያደረጉትን ወደ ኮምፒውተር ፎልደር የሚልኩት ኤስኤምቢ 1 በሚባል የቆየ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ መንገድ በነበረ ቀዳዳ ገብቶ ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ የወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም ኤስኤምቢ 1ን ሳይጭን መምጣት ጀመረ። ብዙ ቴክኒሻን መልሶ ያበራዋል፤ ይሠራል፣ ግን ለቫይረስ በር መክፈት ነው፣ እኔ አልመክርም። የተሻለው ማሽኑ ኤፍቲፒ የሚባለውን ሌላ የፋይል መላኪያ መንገድ የሚያውቅ ከሆነ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ፋይልዚላ ሰርቨር የተባለውን ተቀባይ ፕሮግራም ጭኖ ስካኑን ወደዚያ መላክ ነው። እሱም ካልሆነ፣ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ስካን ወደ ፍላሽ አለ፤ ለዚያ አንድ ንጹሕ ፍላሽ ማሽኑ ጋ ብቻ የሚቀመጥ ይኑራችሁ።

በጂሜይል መላክም እንዲሁ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 30 ቀን 2022 ጀምሮ በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ የቆዩ መሣሪያዎችን ከልክሏል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብርታችሁ ለማሽኑ የተለየ «አፕ ፓስወርድ» ማውጣት ይቻላል፤ ማሽኑ አዲሱን የምስጠራ ዘዴ የማያውቅ ከሆነ ግን እሱም አያድነውም።

ዩኤስቢ ብቻ ከሆነ

የኔትወርክ ቀዳዳ የሌለው ማሽን ተስፋው ጠባብ ነው፣ ግን አለ። ከማሽኑ ጋር በዩኤስቢ የታሰረ አንድ ኮምፒውተር ላይ ፕሪንተሩን ሼር ማድረግ ነው። ያ ኮምፒውተር ሁልጊዜ እንደበራ መቆየት አለበት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ በዚህ መንገድ ሲገናኙ 0x0000011b የሚል ስህተት ያመጣ ነበር፤ ካያችሁት ሁሉንም ኮምፒውተሮች አንድ ላይ አዘምኗቸው። ፕሪንት ሰርቨር የሚባል ትንሽ ሣጥንም ይሸጣል፤ ዩኤስቢውን ወደ ኔትወርክ ይለውጣል። ይህንን ግን ሳትሞክሩ አትግዙ፤ ርካሽ ማሽኖች የፕሪንቱን ሥራ ለኮምፒውተሩ የሚያሸክሙ በመሆናቸው ከሣጥኑ ጋር አይግባቡም፣ ስካንም በአብዛኛው አይሠራም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ኮፒ ማሽን ወረቀቱ ላይ ቶነሩን የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ እስከ 1.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ሊስብ ስለሚችል ለኮምፒውተር በተገዛች ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩት፤ ከብዙ ዕቃ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይም አታድርጉት። ዩፒኤሷን ለራውተሩና ለዚያች ትንሽ የዋይፋይ ዕቃ ስጧቸው። ማሽኑን በስታቢላይዘር።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለ፤ ሰው የሚያስበው በጣም ዘግይቶ ነው። ማሽኑ ኔትወርክ ላይ ሲወጣ በውስጡ ያለውም ሊታይ ይችላል። ብዙ ትልልቅ ማሽኖች ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ የተቃኘውና የታተመው ገጽ ምስል እዚያ ሊቀር ይችላል። በላፕቶፕ ብራውዘር የማሽኑን አድራሻ ጻፉ፣ የማሽኑ ገጽ ይከፈታል። አድራሻ ደብተሩን እዩ፤ በሰከንድ ሃንድ በመጣ ማሽን ላይ የድሮው ቢሮ ሠራተኞች ኢሜይል ተደርድሮ አገኛለሁ፤ እነዚያን ሰዎች ሳናውቃቸው የአንድን ተማሪ ውጤት ወይም የታካሚን ካርድ በስህተት ልንልክላቸው እንችላለን። ሁሉንም አጥፉ። ማሽኑ ሲሸጥ ደግሞ በተራው የእናንተ ሰነድ ይዞ ነው የሚሄደው፤ በሥራ አስኪያጅ ሜኑ ውስጥ ዳታ ኢሬዝ ወይም ኢንሺያላይዝ የሚለውን አስኬዱ፣ ምርጫው ከሌለው ሃርድ ዲስኩን በባለሙያ አስነቅላችሁ አስቀሩት፣ ለገዢውም አስቀድማችሁ ንገሩት።